ሁለተኛው ስሌት ልጆቼን አያውቃቸውም

ለተከበሩ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ፓይክ፣
የታልማጅ መስታወት ፋብሪካ የሠራተኞች ዝውውር ክፍል ኃላፊ

የተከበሩ ወይዘሮ ፓይክ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና በቢሮዎ መስኮት ላይ የደረደሯቸውን አበቦች ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ፣ ይመስገነው፣ በሕይወት አለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው፤ ጠረጴዛውን ባለቤቴ ዌንደል ትናንት የፈታታው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ስለያዘው መቀመጫ የለኝም፤ ቢኖረኝም ሰሞኑን መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ቀደም ሲል በግል ለጻፍሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች «እንኳን ደኅና መጡ» የሚለውን ባለቀለም መጽሔትዎን በመልስ ፈንታ ስለላኩልኝ፣ ይህኛው በከተማችን ጋዜጣ በኩል ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ሐምሌ ከኦሃዮ ወደዚህ ወደ ኒው ጀርሲ ያዛወሩኝ የእቶን መሐንዲስ ማርሊስ ኬተሪንግ ነኝ። ያን ጊዜ በስልክ «ከኪስዎ አንዲት ሳንቲም አትወጣም፤ ግብሩንም እኛው እንችላለን» ብለውኝ ነበር፤ ድምፅዎም እጅግ ደስ የሚል ነበር። ዌንደል ከጎኔ ሆኖ ይሰማ ስለነበር፣ የሣር ማጨጃና የበረዶ መጥረጊያ ሞተር የሚጠግንበትን ሱቁን በዚያው ሳምንት ለወንድሙ ለቀቀለት። «አንቺ ዕድገትሽን ያዢ፤ እኔ የትም ብሄድ ሱቅ አላጣም» አለኝ። እሱም እኔም እርስዎን አምነን ነው የመጣነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ልግስናዎ። ዕቃችንን ያመጣውን የጭነት መኪና ፋብሪካው ከፈለ፤ እሱን ግብር አልነካውም። ነገር ግን ቤት ልናይ የመጣንበት ጉዞ፣ ቤት እስክናገኝ ያደርንበት ሆቴልና የኦሃዮ ቤታችንን የሸጠው ደላላ ድርሻ በዓመቱ መጨረሻ ተደምረው የእኔ ደመወዝ ሆነው መጡ። ያን ገንዘብ ያዩት ሆቴሉና ደላላው እንጂ እኔ አይደለሁም። እርስዎም ቃልዎን አክብረው ለግብሩ ማካካሻ ጨመሩልኝ፤ ማካካሻውም በተራው ደመወዝ ተባለ። ስለዚህ በወረቀት ላይ በዕድሜዬ ሙሉ እንዳለፈው ዓመት ባለጸጋ ሆኜ አላውቅምና ይህን ክብር ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ አማራጭ ዝቅተኛ ግብር። ይህን ስም የሰማሁት ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ቢሮ የሰውን የግብር ሒሳብ ከሚሠራው ከሳል ፔትሮኔ ነው። «የኔ እመቤት፣ ግብርሽን አንዴ በመደበኛው መንገድ እናሰላለን፤ ቀጥለን ደግሞ በሌላ መንገድ እናሰላለን። ከሁለቱ የበዛውን ትከፍያለሽ» አለኝ። አማራጭ ከተባለ የመጀመሪያውን ልምረጥ ስለው፣ «ስሙ ነው እንጂ ምን ምርጫ አለሽ! ደግሞ ዝቅተኛ ሲባል አምነሽ ነበር እንዴ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀብኝ። ደመወዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ስሌት ባልደረሰብኝ ነበር አለ ሳል፤ ለዚያ ያበቃኝ በስጦታዎ ትከሻ ላይ ተሰቅዬ ባለጸጋ መስዬ መታየቴ ነው።

፫. ስለ ልጆቼ። መደበኛው ስሌት አምስቱን ልጆቼን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከገቢዬ ላይ ይቀንስልኛል፤ ለክፍለ ግዛቱ የከፈልሁትን ግብርና የቤቱን ግብርም እንደዚያው። ሁለተኛው ስሌት ግን ልጆቼን አያውቃቸውም፤ የክፍለ ግዛቱንም ግብር፣ የቤቱንም ግብር አላየሁም ባይ ነው። በሕጉ አልፈርድም፤ ሕጉ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። እርስዎ ግን ያውቋቸዋል። የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ካናቴራ በየልካቸው የላኩት እርስዎ ነዎት፤ የትንሿ የቢያትሪስ እንኳ ልክክ ብሎላታል። «ትልቁ ቤተሰባችን» ብላችሁ ፎቷችንን በፋብሪካው መጽሔት አውጥታችኋል። ማካካሻውን ያሰላው የቢሮዎ ሠራተኛ ግን ሲጠየቅ፣ «እኛ ለሁሉም ሁለት ልጅ ብለን ነው የምንሠራው፤ ሁለተኛውን ስሌት ደግሞ ከነጭራሹ አንነካውም፤ ብዙ ሰው አይደርስበትማ» አለኝ። ከአምስቱ የትኞቹን ሁለት እንደወሰዳችሁ ቢያሳውቁኝ፣ ለተቀሩት ሦስቱ እራት ላይ በጥንቃቄ እነግራቸዋለሁ።

፬. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢያንስ አይፍረዱብኝ። ማካካሻዎ ያልደረሰበት ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ግብር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይከፈላል። ያለን ጥሪት ለዌንደል ሱቅ ያስቀመጥነው ብቻ ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ድሮ ጫማ ይታደስባት የነበረች ጠባብ ቤት አግኝቶ ነበር፤ ለመሥሪያ ጠረጴዛው ግድግዳዋን ለክቶ፣ መስኮቱ ላይ የሚጽፈውን ስም መርጦ ጨርሷል። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ዳኑታ ቅድሚያ ኪራይ ትፈልጋለች። «ባልሽን ወድጄዋለሁ፤ እስከ ዓርብ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ዕዳ አለብኝ፤ የሰው ገላ በመብራት የሚያጠይሙት፣ የቆዳ አጠያሚ ቤት ሰዎች ሊከራዩኝ ደጄን እያንኳኩት ነው» ብላኛለች።

ዌንደል እጁ ሥራ ካልያዘ እንደማይቀመጥ ባለማወቅዎ አልወቅስዎትም። ምንጣፍ መጥረጊያውን ፈታ፤ ዳቦ መጥበሻውን ፈታ፤ የጋራዡን በር ሞተር ፈትቶ ገጥሞት አሁን በሩ ሲያሰኘው ይከፈታል፣ ሲያሰኘው ይዘጋል። በዚህ ሰፈር ሣሩን የሚያጭዱት የቅጥር ሰዎች ናቸውና የሚጠገን ነገር ይዞ ደጃችንን የሚያንኳኳ ሰው የለም። ማጨጃዎቻቸውን አስነሥተው ሲሠሩ መንገድ ዳር ቆሞ ያዳምጣል፤ ከሥራ ስገባም ክንዴን ይዞ፣ «ስሚው እስቲ ማርሊስ፣ የዚያኛው ቫልቭ ልቅ ነው። አይሰማሽም? እንዴት ለሰዎቹ አይሰማቸውም?» ይለኛል። እኔ የእቶን ሰው ነኝ፤ ልዩነቱ አይገባኝም፤ ግን ይሰማኛል እለዋለሁ። ያን ጊዜ ልቤ ድቅቅ ይላል ወይዘሮ ፓይክ፤ ይህን በተራ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

፭. ወደ ኦሃዮ እንመለስ እንዳንል ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ብለቅ የዝውውሩን ወጪ በሙሉ፣ ለግብር የሄደውን ጨምሮ፣ እንድመልስ አስፈርመውኛል። ስለ አርቆ አስተዋይነትዎ አመሰግናለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ሰው አዝዘው ማካካሻዬን በሁለተኛውም ስሌት፣ ካሉኝ ልጆች ሁሉ ጋር፣ እንደገና ያሰሉልኝ። ሳል ወረቀቱን አዘጋጅቶ አስቀምጧል፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚጎድለው። እባክዎን።

ድምፅዎ ሁልጊዜ እንደዚያ ቀን የጣፈጠ፣ ስሌትዎም ምንጊዜም አንድ ብቻ ይሁንልዎ እያልሁ፣ በፎቶ አምስት በሒሳብ ሁለት ልጆች ያሏት፣ በወረቀት ባለጸጋ የሆነች፣ የማይለወጥ አክብሮቷን የምታቀርብልዎ የፋብሪካዎ ሠራተኛ፣

ማርሊስ ኬተሪንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋዜጣው ደብዳቤዬን ለማተም ሲሰናዳ ቅጂውን አስቀድሞ ልኮልዎ ኖሮ፣ ሰኞ ዕለት መልስዎ ደረሰኝ። ልዩነቱን በመስከረም እንደሚከፍሉኝ፣ እሱም በዚህ ዓመት ደመወዜ ላይ እንደሚደመር ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ሱቋን ዓርብ ማታ ቆዳ አጠያሚዎቹ ወስደዋታል። ዌንደል እሑድ ጠዋት መሣሪያዎቹን በገዛ መኪናው ጭኖ ከወንድሙ ጋር ሊሠራ ወደ ኦሃዮ ሄደ፤ ልጆቹና እኔ የፈረምሁት ሁለት ዓመት እስኪያልቅ እዚሁ ነን። ቤንዚኑን ከኪሱ ከፈለ፤ ሆቴል አላደረም፤ ደላላም አላስፈለገውም። ሳልን ጠይቄው ነበር፤ ይህኛው ዝውውር በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ስሌት ምንም ግብር የለበትም ብሎኛል።