«ደህና ነኝ» ያለ ሰው አላመመውም ለምትሉ

ሻአሪያ፣ ፔታህ ቲክቫ፣ እስራኤል፣ ማርች 1986

ለተከበሩ የፋብሪካው የመድን ድርጅት የካሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ትንፋሽዎስ? ደረጃ ሲወጡ የማያርፉ፣ ጋደም ብለው የሚተኙ ያድርግዎ። እኔ እማዋይሽ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የአዝቤስት ጣሪያ በመጋዝ ሲቆርጥ በብናኙ ሳንባው የደረቀው የታረቀ ሚስት። ውሳኔያችሁን ልጃችን አነበበልን። የቀረበትን ደመወዝ ትከፍላላችሁ፤ «ለሕመምና ለሥቃይ» ከሚለው አጠገብ ግን «የለም» ብላችኋል። ስለ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

1. ሐኪማችሁ እንደምን ነህ ብለው ስለጠየቁት አመሰግናለሁ። ታረቀም ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላቸው። እሳቸውም «ሕመም እንደሌለው በራሱ አንደበት አረጋግጧል» ብለው ጻፉ። የተከበሩ ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሮ ዕብራይስጡን ቢያቀላጥፍም ወጉ የጎንደር ነው፤ የጎንደር ሰው እግሩ ተቆርጦ እንኳ እንደምን ነህ ቢሉት ይመስገን ነው የሚል። ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ለሹም፣ ሕመምን መዘርገፍ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ነው ትምህርቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ ካሳም እንደሌለው ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

2. ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መቅረቡንም «ሁኔታው መልካም» ብላችሁ መዝግባችኋል። እንዴት ያለ ዓይን ነው እቴ! ሸሚዙን የቆለፍሁለት እኔ ነኝ፤ ከአውቶቡሱ እስከ ቢሯችሁ አራት አጥር ተደግፎ አርፏል። አጥሮቹን ለምስክርነት ብትጠሩልኝ ደስ ይለኛል።

3. ታረቀ ከፋብሪካው በዚያ ብናኝ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ነጭ ሆኖ ሲገባ ልብሱን በረንዳ ላይ የማራግፈው እኔ ነበርሁ። ስለ እኔ ሳል ግን ዛሬ አላነሣም፤ አንድ ሕመም ለማየት ሁለት ዓመት ለፈጀበት ኮሚቴ ሌላ መጨመር ግፍ ይሆናል።

ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም። ተቀምጦ እያደረ፣ ለአንዲት ትንፋሽ እየታገለ፣ ምንም አላመመውም መባሉ ነው። አሞታል ብላችሁ ጻፉ።

በሽተኛን ሳይነኩ በብዕር ብቻ ለሚፈውሱት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

እማዋይሽ

የተረሳ ነገር፦ ይግባኙ ለሰኞ ተቀጥሯል። ባል ባለበት ሚስት አትናገርም የሚለውን ወጋችንን ለአንድ ቀን ቤት አስቀምጬው አብሬው እገባለሁ። ሐኪማችሁ እንደምን ነህ ሲሉት የምመልሰው እኔ ነኝ። ታረቀ ጨዋ ነው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን አይደለሁም። ወረቀት በብዛት ያዘጋጁ።