ስምንተኛው ቀይ ምስል

ለኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት በቀረው ሳምንት፣ ሰኞ

ጉዳዩ፦ ቡድናችን በሠራው ፖስተር ላይ አንድ ተጨማሪ ምስል ቀይ እንድቀባ የተሰጠኝ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሰው እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ማኅበራዊ ችግርን በሥዕልና በአኃዝ እንድናሳይ በታዘዝነው መሠረት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ኢንፎግራፊክ ሠርቻለሁ። ርእሱ በከተማችን ከሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ወድቀው የሚሞቱ የቀን ሠራተኞች ነበር። ርእሱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሕንፃ ላይ ስለሚሠራ መረጃ አያስቸግረንም ብዬ ነው።

2. ፖስተሩ በመሠራት ላይ ያለ ፎቅ ሲሆን በላዩና በዙሪያው አርባ ሠራተኞች ቆመዋል። ግራጫዎቹ በሰላም ወደ ቤታቸው የገቡ፣ ቀዮቹ በዓመቱ ውስጥ ወድቀው የሞቱ ናቸው። ቀዮቹ ሰባት ነበሩ። ከሥር “አንድ ቀይ ምስል አንድ ሰው ነው” ብለን ጽፈናል።

3. አርባ ሰው መሳል ስለታከተኝ አንድ ሰው ብቻ ሳልኩ። ወንድም ጋሼን በምሳ ሰዓት፣ ሄልሜቱን በብብቱ ሸጉጦ እንደቆመ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ከዚያ ላይ ነድፌ አወጣሁት። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲሚንቶ የሚሸከመው በእርሱ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባው እኔ እንድማር ነው። ትከሻውን ላስተካክለው ስል በቁመቱ የተነሳ ሜትሩ የምንለው የቡድናችን ልጅ “ተይው ባክሽ፣ እንዲህ ሲሆን ነው ሰው የሚመስለው” አለኝ። ተውኩት። ከዚያ ኮፒ እያደረግን በየፎቁ ደረደርነው። መምህራችንም ሠራተኞቹ ሕይወት ያላቸው ይመስላሉ ብለው አመስግነውናል።

4. የትኞቹ ቀይ እንደሚሆኑ የለየነው በዕጣ ነው ማለት ይቻላል። ሜትሩ ዓይኑን ጨፍኖ ስክሪኑን በጣቱ ይነካል፣ እኔ የነካውን እቀባለሁ። “ይሄ ምስኪን ደግሞ ምን አደረገህ?” እያልን ስንስቅ ነበር። አንዴ ጣቱ ጣሪያው ላይ አርፎ “ጣሪያ አይሞትም፣ ድገም!” ብለነዋል። ይህን የጻፍኩት አሠራራችን ለክቡርነትዎ ግልጽ እንዲሆን ነው።

5. ፖስተሩ አዳራሹ መግቢያ ላይ በተሰቀለ ዕለት ወንድሜ ከሥራ ወጥቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሊያየው መጣ። ዘበኛው አላስገባም ብሎት ነበር። በመስታወቱ በኩል ፖስተሩን እያሳየ “እኔ እኮ ነኝ፤ እስቲ ትከሻዬን እየው” ሲለው አንዴ እርሱን፣ አንዴ ፖስተሩን አይቶ አሳለፈው። ወንድም ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ “ሚጡ፣ አርባ ሆኜ የአንድ ሰው ደመወዝ?” አለኝ። በሳቅ ፈነዳን፤ ዘበኛውም ጭምር። ስለ ቀዮቹ አልጠየቀኝም። ስለ ሟቾቹ ከነገሩን አንዱ እርሱ ስለነበር ያውቃል።

6. ወንድሜ ባለፈው ወር ከአራተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞቷል። የፈቃድ ማመልከቻዬ ላይ “የቤተሰብ ችግር” ብዬ ብቻ ስለጻፍኩ ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህም ቅሬታ የለኝም። እስካሁን አላለቀስኩም። ሰዎች እንዳለቅስ ይጠብቃሉ፣ እኔም እጠብቃለሁ፤ አልመጣልኝም። ክፍል እገባለሁ፣ ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ መልሼ ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። ምሳ በልተሻል ወይ ሲሉኝ ማሰብ አለብኝ።

7. በዚህ መካከል ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ደብዳቤ “ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በተገኘው አዲስ መረጃ መሠረት አኃዙ በአንድ የጨመረ በመሆኑ ፖስተሩን የሳለችው ተማሪ አንድ ተጨማሪ ምስል ቀይ ቀብታ እስከ ዓርብ እንድታስረክብ፤ ይህ ካልሆነ ቡድኑ ከኤግዚቢሽኑ የሚሰረዝ መሆኑን እናሳውቃለን” ይላል። ደብዳቤው ስሕተት የለበትም። አኃዙ ጨምሯል። የጨመረው አንድ ወንድሜ ነው።

8. ትእዛዙን ልፈጽም ሞክሬያለሁ። ፋይሉን ከፍቼ ቀዩን ቀለም መረጥኩ። ከዚያ የትኛውን እንደምቀባ ጠፋኝ። አርባውም እርሱ ነው። ሰባቱ ቀዮችም እርሱ ናቸው፤ ያኔ እየሳቅን ስንቀባቸው ይህ አልታየኝም ነበር። እንደ ድሮው ይጠቁምልኝ ብዬ ሜትሩን ጠራሁት። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑን አልጨፈነም። “እኔ አልችልም፣ አንቺም ተይው” ብሎኝ ተነስቶ ሄደ፤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

9. ሌላም ነገር አለ። የወንድሜ የሥራ ጓደኞች ሊያጽናኑን በመጡ ጊዜ ልጇ ኮሌጅ ውስጥ ተስሎ መሰቀሉን ለእናቴ ነግረዋታል። እርሱ ራሱ ነበር ያወራላቸው፤ ሳያወራለት የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ “መቼ ነው የምትወስጅኝ?” እያለች ነው። ለኤግዚቢሽኑ ቀን የምትለብሰውን ልብስ ከወዲሁ አጥባ አስጥታለች። ማንበብ ስለማትችል ከሥር የጻፍነውን አታነበውም፤ ነገር ግን ቀዩ ምን እንደሆነ መጠየቋ አይቀርም። ከሰው አፍ ከምትሰማ እኔ ልነግራት ወስኛለሁ። እፈራለሁ፤ ግን እነግራታለሁ።

በመሆኑም ከዚህ በታች የተመለከተው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ. ቀለም የመቀባቱ ሥራ ለሌላ ሰው እንዲሰጥልኝ። ፋይሉ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

ለ. እኔ ባለመቀባቴ ጓደኞቼ ከኤግዚቢሽኑ እንዳይሰረዙብኝ። አኃዙ ሰባት ሆኖ ይቅር አላልኩም። ስምንት ነው፤ ስምንት ሆኖ መሰቀል አለበት።

ሐ. የሚቀባው ሰው ከሠላሳ ሦስቱ ግራጫዎች ደስ ያለውን ይምረጥ፤ ምድር ላይ፣ ከአጥሩ በር ውጭ ከቆመው ከአንዱ በስተቀር። መጀመሪያ በእጄ የሳልኩት እርሱን ነው፤ ሌሎቹ ከእርሱ የተገለበጡ ናቸው። ስንደረድር ሕንፃው ላይ ቦታ ስላጣንለት ነበር ውጭ ያስቀመጥነው፤ አሁን ሲታይ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስላል። እናቴ “የቱ ነው ልጄ?” ስትለኝ በጣቴ የማሳያት እርሱን ነው። እባክዎ፣ እርሱ ሳይቀባ ይቅርልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር

አመልካች፦ (ፊርማ)
የቡድን አራት ሰዓሊ

ግልባጭ፦
ለቡድን አራት አባላት

አባሪ፦
ፋይሉ ያለበት ፍላሽ
የፖስተሩ ቅጂ፣ አንድ ገጽ (ወንድሜ በእርሳስ ተከቧል)