የአምባሰሉ የግርሻ ሐኪም፦ የአቶ አሻግሬ ኃይለ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ አሻግሬ ኃይለ ሚካኤል ከአባታቸው ከቄስ ኃይለ ሚካኤል ወርቄና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሬ ይመር በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የካቲት 16 ቀን ተወለዱ። ቀኑን አባታቸው በዳዊታቸው ኅዳግ ላይ ጽፈውት ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አይጥ በልቶታል። እናታቸው «አርባ ነው» እያሉ ኖረዋልና፣ ከእናት ጋር ማን ይከራከራል ብለን እኛም 1940 ዓ.ም. ብለን ይዘናል።

ፊደል የቈጠሩት በአባታቸው እግር ሥር ነው። ዳዊትም ደግመዋል። ድምፃቸው ግን ለቅዳሴ የሚሆን አልነበረም፤ ይህንን የምንለው እኛ ሳንሆን ራሳቸው ናቸው። አባታቸውም ልጃቸው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ልግባ ሲሏቸው ብዙ አልተከራከሩም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐይቅ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደሴ ተከታትለው ከአሥረኛ ክፍል በኋላ በጤና ረዳትነት ሠለጠኑ። በልጅነታቸው የሐይቁ ዳር ንዳድ ሦስት ጊዜ ጥሏቸው ስለነበር «እኔ በሽታን የተማርኩት ከውስጥ ነው» ይሉ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የግሸን መንገደኞች በሚያልፉባት አንዲት የአምባሰል ቀበሌ፣ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ተመደቡ። በአንዱ ክፍል መድኃኒቱ፣ በሌላው እሳቸው ያድሩ ነበር። ወባው፣ ኩፍኙ፣ የዓይን ማዙ፣ ተቅማጡ በየተራ ይመጣባቸዋል። በዚያ ዘመን ሐኪም የሚመዘነው በመርፌው ነበር። ተቅማጥ ያጠወለገውን ሕፃን በፈላ ውኃ፣ በስኳርና በቁንጥር ጨው ሲያድኑ እናቲቱ ተቀይማ «ለስኳር ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት?» ብላቸዋለች። ልጁ ግን ዳነ። አሁን በመካከላችሁ ቆሟል፤ ራሰ በራ ሆኗል።

የአቶ አሻግሬ ስም ከግርሻ ጋር የተያያዘው በ1970 ዓ.ም. ነው። በዚያች ቀበሌ ሼህ ኑርዬ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከግሸን ማርያም የሚመለሰውን እንግዳ ቤታቸው ማሳደር ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው። መስከረም ሃያ አንድ አልፎ መንገደኛው ሲመለስ እንደ ወትሮው አሳደሩ፤ ብርድ ላንቀጠቀጠው ሁሉ የራሳቸውን ጋቢ ደረቡለት። ጋቢው ሲመለስ ቅማል ይዞ ተመለሰ። ግርሻን የሚያመጣው እሱ ነው። ሰው ደግሞ ቅማል ሲያገኝ በሁለት አውራ ጣቱ ጥፍር መካከል ይጨፈልቀዋል፤ በሽታው የሚገባው ያኔ፣ በተጫረ ቆዳ በኩል መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

ሼህ ኑርዬን ድንገት ትኩሳት ያዛቸው፤ ራሳቸውን ፈለጣቸው፤ መገጣጠሚያቸውን ቈረጣጠማቸው። በስድስተኛው ቀን አላባቸውና ቀለላቸው። ቤተሰቡ አልሐምዱሊላህ ብሎ በግ አርዶ፣ ጎረቤት ጠርቶ ዱዓ አደረገ። ግርሻ ግን ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በሳምንቱ ተመልሶ ከፊተኛው በከፋ ሁኔታ ጣላቸውና የበኩር ልጃቸው ሙዘይን በቃሬዛ አሸክሞ ክሊኒኩ አደረሳቸው።

አቶ አሻግሬ ሄዶ የሚመለሰውን ትኩሳት ሲሰሙ፣ የበሽተኛውንም ልብስ ስፌት ገልጠው ቅማሉን ሲያዩ በሽታውን ወዲያው ለዩት። በደስታም ከጧቱ በሦስት ሰዓት መርፌውን ወጉ። ያን ዕለት የሠሩት ስሕተት አንድ ብቻ ነው። የግርሻ መድኃኒት ተዋሲያኑን ሲገድል በሽተኛውን መጀመሪያ ክፉኛ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህን ተምረውታል፤ ለቤተሰቡ መንገር ግን ረሱ።

አምስት ሰዓት ላይ ሼህ ኑርዬን አልጋው እስኪንቋቋ ድረስ አንቀጠቀጣቸው። ትኩሳቱ ጨመረ፤ ሲጠሯቸውም መመለስ አቆሙ። ሙዘይን «አባቴን መርዝ ወጋው» ብሎ ጮኸ፤ ሴቶቹም ሙሾ ጀመሩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አስረስ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትለው ደረሱና ነገሩን በአንድ ቃል ጠቀለሉት፤ «አሻጥር ነው» አሉ። ዘመኑ ሰባ ነው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወደ ቤቱ እምብዛም አይመለስም ነበር።

ሙዘይን በቃሬዛው ገመድ የኋሊት አሰራቸው። አቶ አሻግሬ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከበሽተኛው ፊት አስቀምጡኝ። እስከ አሥር ሰዓት ላብ ካላጠመቃቸው ያሻችሁን አድርጉ።» ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን አይተው ፈቀዱ። እጃቸው እንደታሰረ «ጨርቅ በውኃ ንከርና ግንባራቸው ላይ አድርግ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣ፤ እንዳይነሡ ያዛቸው» እያሉ አዘዙ። ሙዘይንም ጥርሱን እያፋጨ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ። በኋላ እንዳጫወቱን ውስጣቸው እንደ አፋቸው እርግጠኛ አልነበረም። ትምህርታቸው አብዛኛው ሰው ይተርፋል ነው ያለው፤ ሁሉም ይተርፋል አላለም። ዳዊት ልድገም ብለው ከመቶ ሃምሳው መዝሙር አንዲት መስመር ብቻ ትዝ አለቻቸው፤ እሷኑ እየደጋገሙ አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሼህ ኑርዬ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። ከዚያ አንሶላው ራሰ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ዓይናቸውን ገልጠው የታሰረውን ሰው አዩና «ሙዘይን፣ ይህን ልጅ ምን አድርጎህ ነው? ፍታው፤ ምሳስ በልቷል?» አሉ። አልበሉም ነበር። ቁርስም አልበሉም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ አሻግሬ ሳይናገሩ ወግተው አያውቁም። የቀረው የቅማሉ ነገር ነበር። ልብስ ካልተቀቀለ መርፌው ብቻውን እንደማይበቃ ቢያስረዱም ቅማል አለብኝ የሚል ሰው ጠፋ። ሼህ ኑርዬ ያዳኗቸውን ሰው አላሳፈሩም። በጁምዓ ከስግደት በኋላ በመስጊዱ ፊት በርሜል አስጥደው የራሳቸውን ጋቢና ጥምጣም በሰው ሁሉ ፊት ከተቱበት። «ቅማል እንደሁ ሃይማኖት የለው፤ የኔን ያየ የራሱን ምን ይደብቃል?» አሉ። በእሑዱ ካህናቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲሁ አደረጉ። ሊቀ መንበሩም የጥበቃው ነው ብለው አንድ ኮት አመጡ፤ የሊቀ መንበርነት ዓርማቸውን ከደረቱ ላይ መንቀል ግን ረስተው ነበር። አቶ አሻግሬ ነቅለው በእጃቸው ሰጧቸው። የዚያን ዓመት ገና ሳይደርስ ግርሻ ከቀበሌዋ ወጣ።

በ1972 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ የነበሩትን ወይዘሮ ማናዬ ታረቀኝን አገቡ። የሽማግሌዎቹ መሪ ሼህ ኑርዬ ነበሩ። የሙሽራዪቱ አባት «ይሄ ያ የታሰረው አይደለም?» ብለው ቢጠይቁ «ነው፤ ታስሮም በሽተኛውን ጥሎ አልሄደም፤ ልጅህንም አይጥላትም» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። በዚህ ትዳር ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ልጆች አፍርተዋል።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በመጠለያ ጣቢያ ሕዝቡን ሲያክሙ ግርሻው ለእሳቸውም ደረሳቸው። መርፌውን የሥራ ባልደረባቸው ሲወጓቸው አጠገባቸው የነበሩት አቶ ሙዘይን ናቸው። «አብሽር፣ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል» ብለው ያስተማሯቸውን መልሰው አስተማሪውን አስተማሯቸው። አቶ አሻግሬ ከዳኑ በኋላ «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያኔ ብታስረኝም አልፈርድብህም ነበር» ብለዋል። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በዓልና ዒድ ተለያይተው አላሳለፉም። አቶ አሻግሬ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቅ ሠርተው በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተዋል።

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ምች ያዛቸው። በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም ዕድሜያቸውና ልባቸው አልረዳቸውም። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ሐይቅ በሚገኘው ቤታቸው ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ሐኪሙ ለእኛ ቁርጡን ነግሮናል፤ ለአቶ ሙዘይን ለመንገር ግን የደፈረ የለም። እሳቸው ከጧት ጀምረው ጨርቅ እየነከሩ የአቶ አሻግሬን ግንባር ይዳብሱ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአቶ አሻግሬ ትንፋሽ ቆመ። ፊታቸውን ልንሸፍን ስንል አቶ ሙዘይን እጃችንን ያዙ። «ቆዩ፤ እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አውቃለሁ» አሉ። ቆየን። ላብ ይወጣ እንደሆን ግንባራቸውን ሲዳብሱ ሲያዩም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ከዚያ ነጠላውን በገዛ እጃቸው አለበሷቸው።

አቶ አሻግሬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማናዬን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን አቶ ሙዘይን ኑርዬን ትተው አልፈዋል። ስንቱን ከአልጋ ያነሣ እጅ ዛሬ ዐርፏል፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደዌና ኀዘን በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።