«ጣልቃ ገባ» ሲባል አልሐምዱሊላህ ላለችው እናቴ

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ሊቅና የጥናት ተቋማችን ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ዶክተር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የተትረፈረፈ፣ እንቅልፍዎም እንደ ንድፈ ሐሳብዎ ማንም የማይረብሸው ይሁን እያልኩ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። ቢልቂስ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ኃያል መንግሥት ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር የደበደበበትን ምክንያት ሲያስረዱን ከፊት ወንበር ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ሚስባህ እዚያው በሚደበደበው አገር የቀን ሠራተኛ ነው። ድብደባው ከተጀመረ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

ስለ ትምህርትዎ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ነገር ጆሮዎ እንደማይገባ አይቻለሁና።

፩. ሪያሊዝም በሚሉት ንድፈ ሐሳብ መሠረት መንግሥታት ሌላውን የሚመቱት ለህልውናቸው ሲሰጉ ነው ብለውናል። ያ የሰማይ ስባሪ የሚያህል መንግሥት ማንን ፈርቶ እንደሆነ ግን ሳይነግሩን አለፉ። ወላሂ፣ የፈራው የሚስባህን አካፋ ከሆነ ወንድሜን ይቅርታ አስጠይቀዋለሁ፤ ብቻ ስልኩን ያንሳልኝ።

፪. በሊበራሊዝም በኩል ደግሞ ጦሩ ለሕዝቡ ነፃነት ይዞ ነው የሄደው አሉን። እሰይ! ስጦታ ይዞ የመጣ እንግዳ በር ገንጥሎ ሲገባ በእርስዎ ገለጻ ገና መስማቴ ነው።

፫. በኮንስትራክቲቪዝም፣ ለነገር ትርጉም የሚሰጠው ሰው ነው ያሉት እውነት ነው፤ እቤታችን ደርሶ አይቼዋለሁ። ንግግርዎ በማግስቱ በሬዲዮ ሲተላለፍ እናቴን ልጠይቅ ቢስቲማ ሄጄ ነበር፤ «ጣልቃ ገባ» ሲሉ ሰማች። በእኛ ዘንድ በጠብ ጣልቃ የሚገባ ሰው ዱላውን ጥሎ፣ ባዶ እጁን በተጣሉት መሀል የሚቆም ገላጋይ ነው። ስለዚህ ተገላገሉ ብላ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገች፣ ቴምር አደለች። እኔም አብሬ አሚን አልኩ። ምን ልበላት?

በጥያቄ ሰዓት ተነሥቼ፣ ተቋምዎ ከኤምባሲዎች ጋር ስለሚጻጻፍ የወንድሜን ደኅንነት እንዲያጠያይቅልኝ ብለምንዎ፣ ጉዳዩ «የግለሰብ ደረጃ» ስለሆነ ከትንተናው ወሰን ውጭ መሆኑን በፈገግታ አስረዱኝ። ሰዉም አጨበጨበልዎ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው! ተናድጃለሁ ክቡር ዶክተር፤ የተናደድኩት ግን በሙሉ አክብሮት ነው።

ከትንተናዎ ወሰን ማዶ ቆማ፣ ዕውቀትዎን በሩቁ እየሞቀች በታላቅ ትሕትና የምታከብርዎ፣
ቢልቂስ፣ የሚስባህ እኅት

ሳልረሳው፦ እናቴ የምሥራቹን ያበሰሩን እርስዎ ነዎትና ለምሥራችዎ በግ አስራ ትጠብቅዎታለች። እባክዎን ወደ ቢስቲማ ብቅ ይበሉና፣ ሥጋውን ከመቅመስዎ በፊት ያ ገላጋይ ዱላውን እንደያዘ መግባቱን እርስዎው ይንገሯት። እኔ አልቻልኩም።