ከድንጋዩ ላይ የተላኩ ሪፖርቶች

የካቲት 7፣ አርብ

ዛሬም ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ከጤና ጣቢያው አርባ ደቂቃ ዳገት። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ጉልበቴ እየረገመኝ።

ክትባቱ ጠዋት ስላለቀ ሳጥኑ ባዶ ነበር። እንደ ወትሮው የመንደሩን ስልክ ጠቅጥቄበት ሄድኩ። አሥራ አንድ ስልክ፣ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ የባለቤቱ ስም። ጫፍ ስደርስ ሁሉም ባንዴ ሳጥኑ ውስጥ መንጫጫት ጀመሩ። የሳምንት መልእክት እኮ ነው። ነርስ ነኝ ወይስ ፖስታ ቤት?

የጣቢያው ሳምንታዊ ሪፖርት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሄደ። ቅጹ መጨረሻ ላይ "ሪፖርቱ የተላከው ከጤና ጣቢያው ነው?" ይላል። አዎ አልኩ። አይደለም ካልኩት አይሄድም፣ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አርብ አልዘለልኩም።

ከዚያ ልጄ ጋ ደወልኩ። "እማዬ ነፋሱ ይጮሃል፣ አይሰማኝም!" አለችኝ። ጮህኩ። ጎረቤት መንደር ሳይቀር ሳይሰማኝ አልቀረም። እሷ የሰማችው ግን "ጥርስሽን ታጠቢ" የምትለዋን ብቻ።

የካቲት 10

የጤና ቢሮው ኃላፊ ከከተማ ለጉብኝት መጣ። መድኃኒት መደርደሪያውን እንኳ በወጉ አላየም።

"ሲስተር፣ ሪፖርት በሰዓቱ በመላክ አንደኛ ነሽ። እስከ ሰኔ እንዲህ ከቀጠልሽ የከተማው ዝውውር ያንቺ ነው።"

አንድ ቦታ ብቻ ነው የተከፈተው። የእኔ! ልጄ ከአባቷ ጋር ከተማ ከገባች ሁለት ዓመቷ። ዘጠኝ ዓመት ሞላት፣ ጫማዋ ስንት ቁጥር እንደሆነ አላውቅም... እስኪረጋገጥ አልነግራትም።

የካቲት 14፣ አርብ

ነገርኳት። ማን ያስችለኛል?

የካቲት 19

የባለወፍጮው ሚስት ወለደች። ልጁ ደህና። ከዚያ ደም። መርፌውን ወጋሁ፣ አልቆመም። ሆዷን በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩ።

አምቡላንስ ለመጥራት ድንጋዩ ላይ መውጣት አለብኝ። ለመውጣት እጄን ማንሳት አለብኝ። እጄን ካነሳሁ ትሞታለች።

ባለወፍጮውን ስልኬን አስይዤ ላክሁት። ስልክ የሥራ ፈት ዕቃ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያልገዛ ሰው ነው። "አረንጓዴዋን ነው የምትጫናት፣ አረንጓዴዋን!" እያልኩ ከኋላው እጮሃለሁ። ሮጠ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ... ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ። "ሲስተር፣ እንቅልፌ መጣ" ትለኛለች። ኧረ አትተኚ! የማላውቀውን ነገር ሁሉ ቀባጠርኩላት።

አምቡላንሱ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ መገንጠያው ላይ ቆሞ ነበር። ለዚያ ነው የደረሰው። ከከተማ ቢነሳ ኖሮ...

የካቲት 20

ተርፋለች። በዕድል ተረፈች። በዕድል ይሠራል?

መጋቢት 3

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ነበር። መነጽር ያደረገ መሐንዲስ ከከተማ መጥቷል። ኢንተርኔት ይግባላችሁ ወይ፣ ነው ጉዳዩ።

ኩባንያዎቹ ቤት ቆጥረው ትርፍ የለውም ብለው ትተውናል። አሁን መንግሥት ወጪውን ሊጋራ ነው። "ከተማ ያለው ሰው ለእነሱ ለምን ይክፈል የሚሉም አሉ" አለ፣ እንደ መሽኮርመም ብሎ።

ቆሽቴ አረረ። "ክትባቱስ ትርፍ ኖሮት ነው እዚህ ድረስ የሚመጣው?" አልኩት።

ባለወፍጮው ተነሳ። ያመሰግናል ብዬ ስጠብቅ "እኔ አልፈልግም" አይል! "መጀመሪያ መንገድ ይሥሩልን። አምቡላንሱን ብጠራው በየት በኩል ይመጣል? በስልኩ ውስጥ?" ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበለት። ሰውየውን ማነቅ አማረኝ። ግን ደግሞ ምኑን ተሳሳተ? መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከዚያ መሐንዲሱ ኮምፒውተሩን አዞረልን። ካርታ። ኢንተርኔት የሌለው ቀይ፣ ያለው አረንጓዴ። መጀመሪያ የሚሠራው ለቀዮቹ ነው። የእኛ... አረንጓዴ!

"ከጤና ጣቢያችሁ በየሳምንቱ በኢንተርኔት ሪፖርት ይገባል። ከጣቢያው የተላከ ነው ይላል። መቶ በመቶ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ሲስተር፣ ደብቀሽ ብቻሽን ነው እንዴ የምትጠቀሚው?" አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ገባኝ። ሁለት ዓመት አዎ፣ አዎ፣ አዎ ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ለአንደኝነት።

ስለ ድንጋዩ ነገርኩት። አናቱን አከከ። "ካርታው በእጅ አይስተካከልም፣ ከሪፖርቱ ራሱ ነው የሚቀባው። ቀይ የሚሆነው ሦስት ወር በኢንተርኔት ምንም ካልገባ ነው።" ይህን ሲል እኔን ላለማየት ቦርሳውን ይዘጋ ነበር።

መጋቢት 4

እንቅልፍ የለም። መቀስ ቀቀልኩ፣ የተቀቀለውን ደግሜ ቀቀልኩ።

ሦስት ወር ማለት እስከ ሰኔ አፋፍ ነው። ዝውውሩም እዚያው። ምን አገባኝ? የተወለድኩት እዚህ አይደለም። ከእኔ በኋላ የምትመጣው ነርስ ትወስን። እሷም ድንጋዩ ላይ እየወጣች አዎ ትላለቻ!

መጋቢት 5፣ አርብ

ሪፖርቱን ሞላሁ። ጥያቄው መጣ። "አይደለም" አልኩ። አልሄደም። አውራ ጣቴ "አዎ" ላይ ቆመ፣ ነፋሱ ቀሚሴን ይጎትታል...

ስልኩን ዘጋሁ። ወርጄ በወረቀት ገለበጥኩትና ወደ ከተማ ለሚሄደው መኪና ሾፌር ሰጠሁት። በወረቀት የሚመጣ እንደዘገየ ነው የሚቆጠረው።

ድንጋዩ ላይ ስደውልላት ልጄ "ሰኔ ስንት ቀን ቀረው?" ብላ ነበር። አንጀቴን በላችው።

መጋቢት 12፣ አርብ

በወረቀት።

መጋቢት 14

ልልከው ብዬ ዳገቱን ግማሽ ወጣሁ። ተመለስኩ። አርብ እንኳ አይደለም ዛሬ። አብጃለሁ?

ሚያዝያ 10፣ አርብ

ድንጋዩ ላይ የኃላፊው ስልክ ያዘኝ።

"ምን ነካሽ ሲስተር? ስድስት ሳምንት!"

"ጣቢያው ኢንተርኔት የለውም።"

"አሁን ነው የሌለው?"

"ድሮም አልነበረውም። ስዋሽዎት ነው የከረምኩት።"

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኔ አልሰማሁሽም። ሪፖርቱን ላኪ፣ ልጅሽ ጋ ግቢ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 15፣ አርብ

ባለወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ መጣ። ሾፌሩ ነግሮታል መሰለኝ።

"ሲስተር፣ ዝውውርሽን ለእኛ ብለሽ ነው አሉ የተውሽው?"

"ማን አለህ? ዳገቱ ሰልችቶኝ ነው።"

አላመነኝም። እዚያው ቆሞ ባርኔጣውን አራገፈ፣ የጠረግኩትን ወለል በዱቄት አበላሸው። "እኔ አሁንም መንገድ ይቅደም ባይ ነኝ" አለ። ከዚያ የስልኮቹን ሳጥን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። "ይህን ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማወጣው።"

ስልኬን ስሰጠው "አረንጓዴዋን" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ፣ ተቆጥቶ።

ሰኔ 6፣ አርብ

ሳጥኑ ሲመለስ ስልኬ ላይ የመሐንዲሱ መልእክት ነበር። "ቀይ ሆኗል። ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችኋል።"

እሰይ አልኩ። ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 20፣ አርብ

የዝውውሩ ስም ዝርዝር ወጣ። የሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ጭራሽ አላውቃትም። መልካም ይሁንላት፣ ከልቤ ነው። ከልቤ አይደለም።

ድንጋዩ ላይ ራሴ ወጣሁ፣ ይህ በሳጥን የሚላክ ወሬ አይደለም። "አልመጣም በዚህ ሰኔ" አልኳት። ነፋሱን ብቻ ነው የምሰማው። አለቀሰች? ዘጋችው? ነፋሱ አላስለየኝም።

ነሐሴ 2

ልጄ ለእረፍት መጥታ አሥር ቀን ቆይታ ሄደች። ጫማዋ ሠላሳ ሦስት ነው። ድንጋዩን ላሳያት ስወስዳት "በየሳምንቱ እዚህ ነበር የምትወጪው?" አለችኝ። ስትወርድ እጄን አልለቀቀችም።

ጥቅምት 25

የኢንተርኔቱ ምሰሶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። ባለወፍጮው ብረቱን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። መኪናው ዳገቱ ሥር ተበላሽቶ ሲቆም ፊቱ በራ። "አላልኩም? መንገድ!" እያለ ሲዞር ዋለ።

ኅዳር 9

የእርጉዞች ቀን። አልጋው ላይ ያለችውን እያየሁ እጄ ጓንት ውስጥ ነው። ስልኬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ደነገጥኩ። እዚህ ክፍል ውስጥ ስልክ ጮኾ አያውቅም። ሴትዮዋም ደነገጠች፣ ተያየንና ሳቅን።

ጓንቴን አውልቄ አነሳሁት። ልጄ ናት።

"እማዬ?"

"ወዬ የኔ ቆንጆ።"

አዳመጠች። እኔም አዳመጥኩ፣ ጥርት ያለ ነው፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል።

"እማዬ... ነፋሱ የለም" አለች። ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። "ነፋሱ የለም! ከተማ መጣሽ እንዴ?"

አልመጣሁም ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ።