የወለተ ሩፋኤል አባት

ውድ እየሩስ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት።

ኮሌጅ እንደገባሽ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሕይወትና ታሪክ በምትማሪበት ክፍል «እስከምታውቁት ድረስ ዘራችሁን ቁጠሩ» ተባላችሁ። ጠየቅሽኝ፣ ሰባት ቤት ቆጥሬ ላክሁልሽ፣ አንቺም ክፍል ውስጥ አነበብሽው። ከጎንሽ የምትቀመጠው ጥቁር አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ግን አራተኛው ላይ፣ አባቷ በማይታወቅ በአንዲት ሴት ስም ቆመች። «ታድላችሁ» ስትልሽ «እኛን ባርነት አልነካንም» አልሻት። ይህን እየሳቅሽ ስትነግሪኝ አፈርኩ።

የእኛም አራተኛው ላይ ነው የሚቆመው። «ወለተ ሩፋኤል ቢተው» ብዬ የጻፍኩልሽ ቅድመ አያታችን የቢተው ልጅ አይደለችም። ቢተው የሚባል ሰው የለም፤ እሱንም ከእሱ በላይ ያሉትንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ያኔ ለማስቆጠር ብልባላ ገጠር፣ አጎታችን አያ አድማሴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዘር ሲቆጥሩ ትንፋሽ እንደማይወስዱ ታውቂያለሽ። እሷ ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ወለተ ሩፋኤል የማን ልጅ ናት?» አልኳቸው።

«የክርስትና ስሟ ነው።»

«የዓለም ስሟስ?»

«ማን ጠየቃት? በበቅሎ ተለውጣ ነው የመጣች። ክርስትና ያስነሣት የገዛት ቤት ነው። ለፍታቷም ለተዝካሯም ይኸው ስም በቃት። አንተም ተወው፣ ሠርግህ ደርሷል።»

እውነታቸውን ነው። የእጮኛዬ የማኅሌት አባት ቄስ ናቸው፤ ሳያስቆጥሩ ልጃቸውን አይድሩም። «ባርያ» የሚለው ቃል ደግሞ እዚህ አገር አልሞተም፤ ዛሬም በሹክሹክታ ጋብቻ ያፈርሳል። ፈራሁ። ላንቺ የላክሁት ለእሳቸው ያዘጋጀሁትን ነው።

ቱሪስቶችን ከዓለት የተፈለፈሉትን ቤተ ክርስቲያኖች ሳስጎበኝ ይህን ማን አሠራው፣ መቼ አሠራው እያልኩ ስተርክ እውላለሁ። ሰሞኑን ግን መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ወለተ ሩፋኤል በስንት ዓመቷ መጣች? እናቷ ምን ብላ ትጠራት ነበር? የምጠይቀው ሰው የለም።

ቢተውንና ከእሱ በላይ ያሉትን ሰርዢ። ቦታውን ባዶ ተይውና ለኤልሳቤጥ አሳዪያት። እኔም እሑድ በማኅሌት አባትና በሽማግሌዎቹ ፊት ስቆጥር ወለተ ሩፋኤል ላይ እቆማለሁ። ለማኅሌት ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ነጠላዋን አንስታ ሄደች፤ እስካሁን አልደወለችም።

ወንድምሽ ምሥጋናው፣
የወለተ ሩፋኤል የልጅ ልጅ ልጅ