እስከ ቁልፍ ርክክብ ድረስ ርካሽ ስለሆነው ሕንፃ

ለተከበሩ የሕንፃ ሥራዎች መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ መምሪያዎ ባሠራው የጤና ጣቢያ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የከሰዓቱን ፀሐይ ሳይቀንስ ከሚያሳልፍ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ረስተውኝ ከሆነ፣ ለዚህ ጤና ጣቢያ የቀረቡትን ሁለት ንድፎች እንዳወዳድር ያዘዙኝ፣ ሳወዳድር ደግሞ የተቆጡኝ መሐንዲስ ነኝ። አንደኛው ንድፍ ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ነበር። ሁለተኛው ወፍራም ግድግዳ፣ በምዕራብ በኩል ጠባብ መስኮት፣ ጥላ የሚጥል ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ነበረው፤ ለማሠራት ትንሽ ይወደዳል፣ ከተሠራ በኋላ ግን ያለ አየር ማቀዝቀዣ ያኖራል። በሠላሳ ዓመት ሲታሰብ የመስታወቱ ሕንፃ ለመብራትና ለጥገና የሚበላው ገንዘብ ሌላ ሕንፃ ያሠራል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አምስት ዓመት ተምሬ ያልገባኝን፣ የሕንፃ ዕድሜ የሚያበቃው ቁልፉን ባስረከቡበት ቀን መሆኑን፣ በአንድ ስብሰባ አስረዱኝ። ግንባታውን የሚከፍለው የእርስዎ መምሪያ፣ መብራቱን የሚከፍለው ጤና ጣቢያው ስለሆነ፣ «ከርክክብ በኋላ ያለው የእኛ ራስ ምታት አይደለም፤ አንቺ ልጅ፣ ርካሹን ሕንፃ ለምን ታስወድጂብናለሽ?» አሉኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ለካ የሒሳብ አሠራር ኖሯል።

2ኛ. ሁለተኛውን ንድፍ «መጋዘን ይመስላል» ብለው ከውርደት ስላዳኑን አመሰግናለሁ። ዛሬ ነርሶቹ መስታወቱ ላይ የመድኃኒት ካርቶን ስለለጠፉበት ውበቱ ተሟልቷል። ማቀዝቀዣም ተገዝቶልናል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ መብራቱ ስለሚጠፋ፣ ዋናዋ ነርስ የክትባቱን ፍሪጅ ለማትረፍ የታካሚዎቹን ክፍል ማቀዝቀዣ ታጠፋለች። በቀደም ላቧን እየጠረገች «የኔ እህት፣ ይሄን ቤት ያሠራውን ሰው አንድ ቀን እግዜር አሳምሞ ያምጣልኝ» አለችኝ። ጤናዎን አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

3ኛ. ከንድፍ ክፍል አንስተው የዚሁ ሕንፃ የጥገና ተቆጣጣሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ጥናቱን ያነባል፤ እኔ እንድኖርበት ተፈቀደልኝ። እናቴ ማታ ማታ «ልጄ፣ ዝም ብትዪስ ምን ይቀርብሻል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ክቡርነትዎ፣ ደክሞኛል። ትክክል እንደነበርኩ በየቀኑ በላቤ መመስከር ሰልችቶኛል።

4ኛ. ባለፈው ሳምንት ስለላኩልኝ ሰነድ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ከጎናችን ለሚሠራው የወላዶችና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያው የመስታወት ንድፍ መመረጡን፣ መሠረቱም ሊቆፈር መሆኑን ተረዳሁ። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ንድፎች የረጅም ጊዜ ወጪ «ተቀራራቢ ነው» የሚል ወረቀት ላይ። ከፈረምኩ ወደ ቀድሞው ወንበሬ እንደምመለስ ጸሐፊዎ በደግነት ሹክ ብላኛለች።

አልፈርምም። እዚህ ያለ ታካሚ ቢያንስ ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ የአንድ ቀን ሕፃን ወዴት ይሄዳል? «ተቀራራቢ» የሚለውን ቃል ከወደዱት በራስዎ እጅ ይጻፉትና በራስዎ ስም ይፈርሙበት። እኔ ሙሉውን ንጽጽር፣ ከዚህ ሕንፃ የመብራት ወጪ ጋር፣ ዛሬ ጠዋት ለጤና ጣቢያው ቦርድ አስገብቻለሁ። መሠረቱ ሳይቆፈር ንድፍ መለወጥ የሚጠይቀው ወረቀት ብቻ ነው፤ ከተቆፈረ በኋላ ግን ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ይወደዳል።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለሰጡኝ ፀሐይና ለነፈጉኝ ጥላ ሁሉ ባለዕዳዎ ሆኜ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከቶ ሊቀዘቅዝ በማይችል አክብሮት፣

የአራተኛ ፎቅ የጥገና ተቆጣጣሪ፤ እርስዎ ባይወዱትም መሐንዲስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዲሱ መኖሪያ ቤትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። እሑድ ዕለት በዚያ ሳልፍ ከአጥሩ በላይ አየሁት፤ ግድግዳው ወፍራም፣ የምዕራብ መስኮቱ ጠባብ፣ ክፈፉም ሰፊ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የዚያን ቤት መብራት የሚከፍሉት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም።